ሳይቀላ የሚቀልጥ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ያ በርጩማም ባዶ ነው፣ ሳቡትና ተቀመጡ። ኢክላስ የምትባል የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ ከእሳት ጋር እንዴት እንደተዋወቀች ላጫውታችሁ።

ኢክላስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ እግሯ ሥር የወደቀውን ነገር አፍጥጣ ታያለች። አሁን እኮ ደህና ነበረ። ስሱ የአሉሚኒየም ቁራጭ ብርማ እንደሆነ፣ ምንም ሳይመስል፣ መሃሉ ቀልጦ ጠብ አለ።

«ሳይቀላ?» አለች።

«አይቀላማ» አሉ አጎቷ ጋሼ ሙኒር።

ጋሼ ሙኒር በርና መስኮት የሚሠሩ በያጅ ናቸው። ኢክላስ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ ስትውል ብረት መበየድ ለምዳለች። ብረት ሲግል ይቀላል፤ ቀላ ሲል እጅን ፈጠን ማድረግ ነው። አሉሚኒየም ላይም ያንኑ ቅላት ስትጠብቅ ነው ጉድ የሆነችው።

«ብረት ተቆጥቶ ነው የሚመታሽ» አሏት። «አሉሚኒየም ግን እየሳቀ ነው።»

ከዚያ የልብስ ሳሙና አንስተው ሌላ ቁራጭ ላይ አሰመሩበት። የጋዙን እሳት ራቅ አድርገው እያወዛወዙ አሞቁት። ነጩ መስመር ቡናማ ሲሆን፣ አሁን ለመበየድ ደርሷል፣ ከጠቆረ ግን አልፎበታል አሏት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኢክላስ ሌላ ወሬ የላትም። ሳሙናው ለምን መልኩን ይለውጣል? ነጩና ቢጫው እኩል ይጠቁራሉ? በሳሙና ፋንታ የእንጨት ስንጥር ቢያስነኩትስ? ጥያቄዋ ሲበዛ ጋሼ ሙኒር ሞክሪና ንገሪኝ ይሏታል። እሷም ቁርጥራጭ እየለቀመች ትሞክራለች። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀዋታል፤ ሳይፈቅዱለት የሰው ዕቃ ላይ እሳት ያነሳ ሰው እሳቸው ቤት ሁለተኛ እሳት አይነካም።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ወለተሰንበት የሰፈሩን እድር ትልቅ ድስት አሸክመው መጡ። እጀታው ሥር ተሰንጥቋል። ጋሼ ሙኒር የብየዳ ሽቦ ገዝቼ ስመለስ እሠራዋለሁ ብለው መርካቶ ወረዱ።

የጋሼ ሙኒር ልጅ ቢላል በሩ ላይ ስልኩን ይነካካል። ኢክላስ ስንጥቁን ስታጠና አይቶ፣ አራዳ ብትሆኚ ሲመጡ ጨርሰሽ ትጠብቂያቸው ነበር እያለ ነገር ቆሰቆሰ። እሷን ግን የቆሰቆሳት የሱ ወሬ አልነበረም። ይህን የሚያህል ዕቃ ሲሞቅ ምን ይሆን? እሱ ነው።

መነጽሯን አወረደች። ሳሙናውን እጀታው ሥር አሰመረች፣ የብየዳውን ዱቄት ነሰነሰች፣ እሳቱን አወዛወዘች። መስመሩ ገና ነጭ ነው። ጠበቀች። እሳቱን ጠጋ አደረገች። ወዲያው ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ስሱ የድስቱ ሆድ ያላበው መሰለና ጠብ አለ። አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ።

ቢላል መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ተወ። ከመደርደሪያው ላይ ስቱኮ አወረደ።

«በቃ እንድፈነውና ብርማ ቀለም እንቀባው። አባዬ ዓይናቸው እንደ ድሮው አይደለም። ማን ያውቃል ጀለሴ?»

«ወጥ የሚሠራበት ነው።»

«ታዲያ እሳት እንዲከለክሉሽ ነው የምትፈልጊው?»

 ስቱኮውን ተቀብላ ክዳኑን ከፈተች። ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጠው። ድስቱ በርዶ ስለነበር ጎንበስ ብላ እንደገና አየችው። ሳሙናው አሁንም ነጭ ነው። ታዲያ እንዴት ቀለጠ? ይህን የሚነግራት አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀዳዳውን ከደፈነች ደግሞ ጥያቄውም አብሮ ይደፈናል፤ መቼም ልትጠይቃቸው አትችልም።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ድስቱንም ብርሃን ወዳለበት ወደ ደጁ ጎትታ፣ ቀዳዳውን ወደ መንገዱ አዞረችው።

ጋሼ ሙኒር ሲመጡ ከጎኑ ቆማ ነበር። 

«ጋሼ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቢቀጡኝም ይቅጡኝ። ብቻ ሳሙናው ነጭ እንደሆነ ለምን እንደቀለጠ ይንገሩኝ።»

ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ቁጢጥ አሉ። ቀዳዳውን ዙሪያውን መረመሩት።

«እሳቱን ለጊዜው ለኔ ተይው» አሏት በመጨረሻ። «ጥያቄሽን ግን አምጪው። ሳሙናውን የት ነበር ያሰመርሽው?»

አጠገባቸው ተንበረከከችና በጣቷ አሳየቻቸው።

«እዚህ፣ ወፍራሙ ላይ» አለች። ከአፏ ሲወጣ ነው ነገሩ የገባት፤ ወፍራሙ ገና ሳይሞቅ ስሱ ቀልጧል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት አልቀየማችሁም። ቀዳዳው አጠገብ የተዘረጋችውን ያችን ጣት ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ።