የቢላው ሽራፊ

«በድለናል» አለ አባቷ፤ ደረቱን በጡጫው መታ። «ዋሽተናል።» ደግሞ መታ።

ጥድፊያ ገርበብ ካለው በር ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ኑዛዜው ሁልጊዜ «እኛ» እየተባለ ነው የሚጸለየው። ዛሬ ግን ያ ጡጫ እሷው ደረት ላይ የሚያርፍ መሰላት።

«ጥድፊያ» ያለቻት እናቷ ናት፤ የጫማዋን ክር እንኳ ደረጃ እየወረደች ስለምታስር። ትናንት ማታም ያው ጥድፊያዋ ነው ጉድ የሠራት። ለሳይንስ ክፍል የምትሠራው መብራት ሽቦው አልቆረጥ አላት፤ መቀስ ደግሞ ሲፈለግ መች ይገኛል! የአባቷ የቢላ ሳጥን ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አባቷ የምኩራቡ አራጅ ነው። ማረጃ ቢላውን ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። ስለቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽራፊ ከተገኘ የታረደው ሁሉ አይበላም፤ ስለዚህ ከማረዱ በፊትም በኋላም ስለቱን ጥፍሩ ላይ እየሳበ ይፈትሻል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። «አንዴ ብቻ፣ ምን አባቱ!» ብላ ሽቦዋን ቆረጠችበት። ጠርጋ መለሰችው።

ጠዋት አባቷ ስለቱን ጥፍሩ ላይ ሳበና ቀጥ አለ። ደግሞ ሳበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ትናንት ካረድኩ በኋላ ደህና ነው ብዬ ነው የዘጋሁት» አላት ለእናቷ። «ሳላውቀው አልፌዋለሁ ማለት ነው። ጥፍሬ ከድቶኛል።»

ራሱ ሲነግራቸው ጎረቤቶች ትናንት የገዙትን ሥጋ ጣሉ፤ ድስቶቻቸውን በፈላ ውኃ ነከሩ። የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ደረጃው ላይ አባቷን ስታየው ግድግዳውን ታክካ አለፈች። እሱም እህል አልቀምስ አለ። ጥድፊያም ትጸልያለች፤ «ይቅር በለኝ፣ ብቻ አይታወቅብኝ» እያለች። ግን ሰው ላይ የሠራነውን በደል ያ ሰው ራሱ ይቅር ካላለን ፈጣሪም እንደማይፍቀው ያስተማራት ይኸው አባቷ ነው።

«አንቺ ልጅ ምን ሆነሻል? አንጀቴን በላሽው እኮ» አለች እናቷ ከኋላዋ።

«እማዬ፣ አባዬ ምን ሊያደርግ ነው?»

«ሲጨርስ የምኩራቡ መሪ ረቢው ጋ ይሄዳል። ቢላውን ሊያስረክብ፣ አራጅነቱንም ሊተው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዕድሜውን ሙሉ ጣቱን ነበር የሚያምነው። ዛሬ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሲያነሳ ይፈራል።»

ውስጥ ጸሎቱ ቆመ። ወንበር ተንቀሳቀሰ። ጥድፊያ ወደ ክፍሏ ሮጠች፤ ለእናቷ የሸሸች መሰላት።

አባቷ ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ግን ጥድፊያ የውጭውን በር ዘግታ ቆማለች። አውራ ጣቱ ሳያስበው ጥፍሩን ይፈትጋል።

«ዞር በይ ልጄ፣ ረፈደብኝ።»

አልዞረችም። የተቆረጠውን ሽቦ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቸኩል። «ጥፍርህ ደህና ነው።»