ስምንተኛው ቋጠሮ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የካርድ ክፍሉ አግዳሚ ላይ፣ የቀጠሮ ካርዳቸውን እንደጨበጡ ሞተው ተገኙ። ቀዶ ጥገና ሲጠብቁለት የነበረው ቡአቸው ታንቆ ነበር። ሆስፒታሉ «ታማሚው ዘግይተው በመምጣታቸው» ብሎ ጻፈ፤ ልጃቸው ግን አላምንም ብላ አቤት አለች። ጉዳዩ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ለሚሏት መርማሪ ደረሰ። ስሙ የወጣላት ገለባ ስለማታሳልፍ ነው።

ካርዱ ላይ የተመዘገቡበት ቀን ገና ሁለት ወሩ ነው።

«እትዬ፣ ከምሠራበት ከተማ የመጣሁት በሞተበት ዋዜማ ነው» አለች ልጅቷ። «ካርዱን ሳይ ተቆጣሁት። ‹እስከዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር? ራስህን በራስህ ነው የጎዳኸው› አልኩት። ‹ኧረ ቀጥረውኛል ልጄ› ከማለት በቀር ምንም አላለኝ። እኔም አላመንኩትም።»

ወንፊት ሟቹ ለብሰውት የነበረውን ኮት ጠየቀቻት። ኮቱን ተቀብላ ገለበጠችው። ገበሩ ጠርዝ ላይ ሰባት ቀይ የክር ቋጠሮዎች ተደርድረዋል፤ ስምንተኛው ክር ሳይቋጠር መርፌው እንደተሰካ ቀርቷል። ኮቱ እዚያ ጋ አልተቀደደም። ባለሙያ ደግሞ ያልተቀደደ አይሰፋም።

ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሄደች።

«ኦክስጅን ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ የቀጠርነውን እንመልሳለን» አላት። «ቅድሚያ የምሰጠው ብዙ ለጠበቀ ነው። ዝርዝሩን የሚልክልኝ ካርድ ክፍል ነው።»

የቀዶ ጥገና ክፍሉን መዝገብ አገላበጠች። ልብስ ሰፊው በአሥራ ስድስት ወር ሰባት ጊዜ ተመልሰዋል።

«አሮጌው ካርድ የት ይገባል?» አለችው የካርድ ክፍሉን መዝጋቢ።

«አዲስ ስንሰጥ ተቀብለን እናስወግደዋለን።»

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙን፣ መዝጋቢውንና ልጅቷን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ የወረፋ ግራፍ ተሰቅሏል፤ የጥበቃ ጊዜውን የሚያሳየው መስመር ከአሥራ አራት ወር ወደ ሁለት ወርዷል።

«አልጋው ያው አንድ፣ ሐኪሙ ያው አንድ፣ በወር የሚታከመውም ያው ነው። ታዲያ ወረፋውን ምን በላው?»

የሟቹን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቀጠሮ በተሰረዘ ቁጥር አዲስ ካርድ ይጻፋል፤ ቀኑም እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ስለዚህ እኚህ ሰው ዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ ትናንት የመጡ ናቸው። ዶክተሩ ብዙ የጠበቀውን ሲያስቀድም እሳቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ። ቀኑን የለወጠው ያንተ እጅ ነው» አለችው መዝጋቢውን።

መዝጋቢው አንገቱን ደፋ። «‹ከስድስት ወር በላይ የቆየ ስም እንዳላይ› ያሉኝ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። የእናቴንም ካርድ እንዲሁ አድርጌዋለሁ።»

«እኔ ሪፖርቱ ይስተካከል ነው ያልኩት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰው ይሙት አላልኩም።»

«እሱንም ቃልህን ስትሰጥ ትናገረዋለህ» አለችውና ኮቱን ለልጅቷ ሰጠቻት። «አባትሽ አልዘገዩም፣ የኔ ልጅ። ሰባቴ መጥተው ሰባቴ ተመልሰዋል፤ በተመለሱ ቁጥር አንድ ቋጥረዋል።»

ልጅቷ ቋጠሮዎቹን በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰች። ‹ቀጥረውኛል› ያላት እውነቱን ነበር። እንባዋ ገበሩ ላይ ተንጠባጠበ።

«ያን ቀንም መጥቷል» አለች። መርፌውን ነቀለችና ስምንተኛውን ቋጠረችለት።