አምስተኛው ወንበር

ደስታነሽ ውሃውን ያየችው ገና እንደገባች ነው። በዳኞቹ መድረክ ላይ፣ ዳር ካለው ወንበር እግር ሥር፣ ትንሽ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። ያን ጊዜ የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ በዚያ ባለ ተረከዝ ጫማዋ ትመጣለች፣ ትንሸራተታለች፣ በጭንቅላቷ ትወድቃለች። ስለዚህ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ፣ ጎንበስ ብላ ጠረገችው። የምትጥልበት ቅርጫት ብታጣ ሶፍቱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወንበሮቹ አምስት መሆናቸውንም አይታለች። ውሃውም የወንበሮቹ ቁጥርም ልክ እንዳልነበሩ የገባት ግን ከግድግዳው ማዶ ሬሳ ከተገኘ በኋላ ነው።

አዳራሹ የሕግ ትምህርት ቤቱ የምስለ ችሎት አዳራሽ ነው፤ ተማሪዎች ዳኛና ጠበቃ ሆነው ክርክር የሚለማመዱበት። ልጇ ሶሊያና እዚያ ታስተምራለች። የዛሬውን ክርክር ያዘጋጀችው እሷ ስለሆነች እናቷን ጋብዛለች። ደስታነሽ ምሥራቅ ሰፈር ካለው ቤታቸው በጣም ቀድማ ነው የወጣችው፤ ባጃጁ ይገለበጣል፣ ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ጋ መንገድ ይዘጋል፣ ዝናብ ይመጣል ብላ። አንዱም አልሆነም። ይኼ ራሱ አስፈራት።

የኋላው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ሶሊያና ሦስት ጠርሙስ ውሃ አቅፋ ገባች።

«እማዬ! ዛሬም ከጥበቃው ቀድመሽ መጣሽ?»

«ጠጋ በዪ፣ ላብሽን ልጥረግልሽ።»

«ቆይ የዳኞቹን ካባዎች ላምጣ» አለችና ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ገባች። ቀጥሎ የተሰማው ጩኸት ደስታነሽ ልጇን ከወለደች ጀምሮ እሰማዋለሁ ብላ ስትፈራው የኖረችው ዓይነት ነበር።

ዶክተር ጌታቸው፣ የትምህርት ቤቱ አንጋፋ መምህር፣ ካባዎቹ በተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። የጭንቅላታቸው ኋላ ተፈንክቷል። ሶሊያና ቀና ልታደርጋቸው ስትታገል እጅጌዋ በደም ርሷል። እሳቸው ግን ሞተው ነበር።

ፖሊስ ሲደርስ ተማሪዎቹ በሙሉ ወደ ውጭ ወጡ። በአዳራሹ ውስጥ ሶሊያና፣ ከእሳቸው ጋር ሊዳኙ የተጠሩት ሁለት መምህራን ሕዝቅያስና ሳምሶን፣ እንዲሁም «አልወጣም» ያለችው ደስታነሽ ቀሩ። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዘይነብ ናት፤ አጭር፣ አመድማ ሻሽ ያሰረች፣ ሰው ሲናገር ፊቱን ትታ እጁን የምታይ ሴት። ረዳቷ ሳጅን ያሬድ ግን ጉዳዩ ከወዲሁ ያለቀለት መስሎታል።

«ኢንስፔክተር፣ እጅጌዋን ይዩት። የአዳራሹ ቁልፍ እሷ ጋ ነው፤ በሩን ቀድማ የከፈተችውም እሷ ናት። ቀትር ላይ ደግሞ ከሟቹ ጋር ስትጯጯህ ግቢው በሙሉ ሰምቷል።»

ዘይነብ ወደ ሶሊያና ዞረች። «በምን ተጣላችሁ?»

ሶሊያና ዙሪያዋን አየችና ዓይኗን ሰበረች። «አልናገርም።»

«ምን?» አለ ያሬድ።

«ያለመናገር መብት አለኝ። እየተጠቀምኩበት ነው።»

«ሶሊ!» ደስታነሽ ከአግዳሚው ተነሣች። «ተናገሪ እንጂ ልጄ! ዝም ካልሽ እኮ ገዳይ ናት ይሉሻል!»

«እማዬ፣ ዝም ማለት ማስረጃ አይሆንም። በየዓመቱ የማስተምረው እሱን ነው።»

«ደግ» አለ ያሬድ። «ዛሬ ጣቢያ አድረሽ እኛንም ታስተምሪናለሽ። ነገ ጠዋት ደግሞ ፍርድ ቤቱን።»

ደስታነሽ መልሳ ተቀመጠች። ማስቲካ ፍለጋ ቦርሳዋን ከፈተችና እጇ ሶፍቱን ነካ። ስትጠርግበት ነጭ የነበረው ሶፍት፣ ሲደርቅ ሮዝማ ሆኗል።

ቦርሳውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። መጸዳጃ ቤቱ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ ጥላው ውሃ ብትለቅበት ማንም አያውቅም። ግን በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቆሞ አዳራሹ እንደ ምድጃ ግሏል። ሕዝቅያስ ከረባቱን አላልቶ በወረቀት እያራገበ ነው። ዘይነብ ከእሱ ጀመረች።

«የት ሊቀመጡ ነበር?»

«በቀኝ። ጌታቸው የመሃል ዳኛ፣ እኔ የቀኝ፣ ሳምሶን የግራ። በሩ ላይ እንደተለጠፈው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ነው፤ ሦስት ዳኛ።»

«ክርክሩስ በምን ላይ ነበር?»

«አንዲት ምስክር በጨለማ ያየችውን ሰው በትክክል ለይታለች ወይስ ተሳስታለች። ማስረጃ መመዘን ነው፤ ለተማሪ ጥሩ ልምምድ።»

«ሟቹን ይወዷቸው ነበር?»

«ምን ብዬ ልውደደው? ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም የጻፍኩትን ጥናት ሦስት ጊዜ መልሶብኛል። ግን እሱን ገድዬ አራተኛውን ማን ያርምልኛል?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «እስክትጠሩኝ ድረስ ከሁለተኛ ዓመቶች ጋር ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ጠይቋቸው።»

ሳምሶን ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወደ መምህርነት ሳይመጣ በፊት ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ በቅርቡ ደግሞ ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኝነት መታጨቱን ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«ከትናንት ወዲህ ጌታቸውን አላየሁትም» አለ። «ከመሃል ከተማ ስመጣ ነው ጩኸቱን በሩ ላይ የሰማሁት።»

«ለክርክሩ ተዘጋጅተው ነበር?»

«እንዴታ! ጭብጡ አንድ ነው። በመጨረሻው ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይስ የለም? በቃ።»

«ምስክሯስ?»

ሳምሶን የኮቱን ቁልፍ ነካ አደረገ። «እሷም አለች።»

«በዚህ ሙቀት ኮት አልከበደዎትም?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

ዘይነብ ወደ ሌላ ዞር ስትል ሳምሶን ደስታነሽ አጠገብ ተቀመጠና በለሰለሰ ድምፅ አነጋገራት። «አይዞዎት እናቴ። ልጅዎን ይምከሯት፣ ትናገር። ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ብዙ አይቻለሁ። ጥፋቱን የሚያምን ሰው ይቀልለታል።»

ቃሉ የማጽናኛ ነው። ደስታነሽን ግን ከእግሯ እስከ ራሷ በረዳት።

በዚህ መሃል አንድ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ ክንዳቸው ላይ ካባ አጥፈው በሩ ላይ ቆሙ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ አቶ ተክሌ ይባላሉ። «ባጃጁ አዘገየኝ። ጌታቸው የታለ? ለዳኝነት ጠርቶኝ ነበር» አሉ። ሲነገራቸው ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። ዘይነብ ክንዳቸውን ይዛ ወደ በረንዳው አወጣቻቸው። ቀጥላ ሶሊያናን ለብቻዋ አስጠራች። ደስታነሽ በመስኮቱ የልጇን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። ተናገረች! ግን ምን? ያ ያሬድ የሚባለው በካቴናው እየተጫወተ ነው። ጣሪያው ላይ የሰፈሩት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በቆርቆሮው ላይ ሲረማመዱ እንደ ሰው ኮቴ ይሰማሉ።

ዘይነብ ተመልሳ ደስታነሽ ፊት ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ ያን ቦርሳ እንደ ሕፃን አቅፈውታል።»

«የኔ ነው።»

«መሆኑን አውቃለሁ። ልጅዎ ገድላለች ብለው ያስባሉ?»

«ማን? የኔ ልጅ? ዶሮ ሲታረድ ጎረቤት የምትሸሽ ልጅ? አፍሽን ያዢ!»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚፈሩት?»

ደስታነሽ የምትፈራውን ሁሉ ብትቆጥር መሽቶ ይነጋል። «ይኼ ነገር ልጄን ቢያሳስርብኝስ?»

«ሊሆን ይችላል። አላየሁትም፤ አያሳስራትም ብዬ አልዋሽዎትም።»

ምናልባት ያሳመናት ያ አለመዋሸቷ ይሆናል። ደስታነሽ ቦርሳውን ከፍታ ሶፍቱን ሰጠቻት። ውሃውን ከየት እንደጠረገችው፣ ለምን እንደጠረገችው ነገረቻት። «ደግሞ ወንበሮቹ ሦስት መሆን ነበረባቸው» አለች በመጨረሻ። «ሶሊ ቤት ስትለማመድ የምግብ ጠረጴዛችንን ወንበሮች ትደረድር ነበር። ሁልጊዜ ሦስት ነው። ስገባ ግን አምስት ነበሩ።»

ዘይነብ ተነሥታ ወደ መድረኩ ወጣች። ሦስቱ ወንበሮች ባለ ቆዳ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ከመምህራን መሰብሰቢያ የመጡ፣ ባለ ብረት እግር። ዳር ያለውን ገልብጣ ብረቱ ከመቀመጫው የሚገናኝበትን ስንጥቅ በእጅ ባትሪ አየች። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

ውጭው መደብዘዝ ጀምሯል። አምስቱም የተከራካሪዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ያሬድ መብራቱን አበራ።

«ዶክተር ጌታቸውን የገደላቸው ይህ ወንበር ነው» አለች ዘይነብ። «እዚያው በካባው ክፍል ቧንቧ ታጥቧል፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ደም ግን አልወጣም። እናታችን የጠረጉትም ከእሱ የተንጠባጠበውን ነው። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ወንበሩ ለምን መድረክ ላይ ወጣ?»

«ለመደበቅ ነዋ» አለ ያሬድ።

«አዎ። ሬሳው አጠገብ መተው አልተቻለም። ወደ መሰብሰቢያው ቢመለስ ኮሪደር ላይ ሰው ያያል። ወንበር የሚደበቀው ከወንበሮች መሃል ነው። መድረኩ ላይ ግን ቀድሞ አራት ነበሩ፤ ሦስቱ የነበሩት፣ አንዱ ደግሞ ሟቹ አስቀድመው ያወጡት። ይህ አምስተኛ ሆነ። ለገዳዩ አምስት ትክክል መሰለው። ለምን? አቶ ተክሌ፣ ቢነግሩን?»

ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ከምሳ በኋላ ደወለልኝ። ‹ጉዳዩን ቀይሬዋለሁ፤ ዛሬ የምናየው በሰበር ነው› አለኝ። ሰበር ሰሚ ችሎት በአምስት ዳኛ ነው የሚሰየመው።»

«በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ አልተቀየረም» አለች ዘይነብ። «ስለዚህ ለውጡን ያላወቀ ሰው አምስት ወንበር ሲያይ ግር ይለዋል፤ እናታችን እንኳ ግር ብሏቸዋል። ሕግ አዋቂ ገዳይ ለውጡን ባያውቅ ኖሮ ሁለቱንም ትርፍ ወንበሮች ከመድረኩ ያርቅ ነበር። ሶሊያና አላወቀችም፤ ለሦስት ዳኛ ሦስት ጠርሙስ ውሃ ይዛ ነው የመጣችው። አቶ ሕዝቅያስ አላወቁም፤ የነገሩኝ ስለ ይግባኙና ስለ ምስክሯ ነው፤ ክፍል ውስጥ እንደነበሩም ተማሪዎቻቸው አረጋግጠዋል። አቶ ተክሌ ያውቁ ነበር፤ ግን በከዘራ የሚሄዱ ሰው ይህን ብረት አንሥተው ሰው አይመቱም።»

ዘይነብ ወደ ሳምሶን ዞረች።

«አቶ ሳምሶን፣ ጭብጡ ምን እንደሆነ ስጠይቅዎ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አሉኝ። በይግባኝ ፍሬ ነገሩም ሕጉም ይመዘናል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ የሚጠየቀው በሰበር ነው። ከትናንት ወዲህ ያላዩት ሰው ዛሬ ከምሳ በኋላ የቀየረውን ጉዳይ ማን ነገረዎ?»

ሳምሶን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የአፍ ልማድ ነው። በአንድ ቃል ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ሶሊያና፣ አሁን መናገር ትችያለሽ?»

ሶሊያና ተነሣች። እናቷን እንጂ ሳምሶንን አላየችም። «ሰኢድ የሚባል ልጅ አለ። ገድያለሁ ብሎ ለፖሊስ አምኖ ስምንት ዓመት ታስሯል። ያመነው ተደብድቦ ነው፤ ዝም ማለት እንደሚችል የነገረው የለም። ሌላ ቦታ እንደነበር ያየ ምስክር ነበረው፤ ዐቃቤ ሕጉ አውቆ ሸሸገው። ይግባኝ ሰሚውም አጸናበት። ዐቃቤ ሕጉ ሳምሶን ነው። ከዶክተር ጋር የተጣላነው ‹ዛሬ በአደባባይ እናንሣው› ብዬ ነው። ‹መጀመሪያ ለራሱ ፊት ለፊት ልንገረው› አሉ። ዝም ያልኩት አጠገቤ ስለነበረ ነው። የምስክሩን ነገር እንዳወቅን ከሰማ ለታሰረው ልጅ ሕይወት ፈራሁ።»

«ጌታቸው ሐሳብሽን ተቀብሎ ጉዳዩን በሰኢድ ጉዳይ ቀይሮት ነበር» አሉ አቶ ተክሌ ቀስ ብለው። «‹አምስተኛዋ ዳኛ ሶሊያና ናት፤ አልነገርኳትም፤ መጥታ ትደንግጥ› ነበር ያለኝ።»

ሶሊያና ዳር ያለውን ወንበር አየችው። ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አቶ ሳምሶን፣ ወንበር እያገዟቸው ሳለ ነው ጉዳዩን የነገሩዎት» አለች ዘይነብ። «አሁን ኮትዎን ያውልቁ። ከማውለቅዎ በፊት ግን፣ ያለመናገር መብት አለዎት። የሚናገሩት ነገር በማስረጃነት ሊቀርብብዎ ይችላል። ገብቶዎታል?»

ያሬድ የሳምሶንን የኮት ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። የሸሚዙ ቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ እርጥብ ነበር፤ ከጠርዙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አልለቀቀም። ለሰኢድ ያልተነገረውን ዝም የማለት መብት ሳምሶን እስከ ፖሊስ መኪናው ድረስ ተጠቀመበት። በበሩ ሲያልፍ ግን ዓይኑ ሶሊያና ላይ ቆየ፤ ደስታነሽ ያን አየች።

ቤት ሲደርሱ ሶሊያና እጇን ደጋግማ ታጠበች። እራቷን አልነካችም።

«ያ ሳምሶን ሰው ይኖረዋል» አለች ደስታነሽ። «ወንድም፣ ጓደኛ። ይግባኝም ይላል።»

«ይበል። መብቱ ነው።»

«ያ የታሰረው ልጅ... እናት አለችው?»

«አለችው። ዶክተር ቤቷ ሄደው ነበር። በሯን ገርበብ አድርጋ ነው የምትተኛው አሉኝ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ። ቁልፍ የለውም፣ ድንገት ቢፈቱት ውጭ ያድራል ብላ። ነገ እሷ ጋ እሄዳለሁ።»

ደስታነሽ ወደ በሩ ሄደች። ውጭ አንድ ባጃጅ ቆመ። ሞተሩ ሳይጠፋ ትንሽ ቆየ። ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ከዚያ ባጃጁ መንገዱን ቀጠለ። በየማታው ሁለቴ አዙራ፣ ጎትታ የምትፈትሸውን ቁልፍ ያዘች፤ ግን አላዞረችውም። በበሩ ክፍተት ጨለማውን እያየች ቆመች።

«እማዬ» አለች ሶሊያና ከኋላዋ። «እኔ እዚህ ነኝ። ቆልፊው።»

ደስታነሽ ቁልፉን አዞረችው።