ጉንጬ ያበጠ ሰሞን

«አቦምሳ... አቦምሳ ይሰማል?»

«ይሰማል። ድምፅሽ ደክሟል፤ ምሳ አልበላሽም እንዴ?»

ጊዜው በ1953 ዓ.ም. ነው። እኔ ተሻለች በአሰላ ስልክ ቤት፣ ዲሪባ ደግሞ በአቦምሳ ስልክ ቤት የሰው ጥሪ እናገናኛለን። ያን ዕለት ደንግጬ «ሥራህን ሥራ!» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ግን ያንኑ ጥያቄውን ስጠብቅ ዓመት አለፈ። መልኩን አላውቅም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ምሳ መብላቴን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

በሐምሌ የመጨረሻው መንጋጋዬ ታመመ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ሣህሌ ድዴን ቀዶ ነቀለልኝ።

«ዛሬና ነገ ቀዝቃዛ ጨርቅ ጉንጭሽ ላይ ያዝ ለቀቅ አድርጊ። ትኩስ ነገር እንዳትቀምሺ። ከነገ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብለሽ ተጉመጥመጪ። ስትተኚ ራስሽን ከፍ አድርጊ። የሚያስታምምሽ ሰው አለ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ውሸቴን ነበር።

ከሰዓት በረዶ ጣለ። ከደጅ አፍሼ በሻሽ ቋጠርኩና ጉንጬ ላይ ያዝኩ። ሕመሙ በረድ ሲልልኝ ብቸኝነቱ መጣ። «አይዞሽ» የሚል ድምፅ እንኳ በቤቱ የለም።

በማግስቱ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፤ አፌ አልከፈት አለኝ። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

«ተሻለች? ዲሪባ ነኝ። ከስልክ ቤታችሁ ታማለች ሲሉኝ በእህል መኪና መጣሁ።»

እንዲህ ሆኜ ይየኝ? ሳልከፍት ከበሩ ኋላ ቆምኩ።

«ካስቀየምኩሽ ይቅርታ...» አለ ብዙ ቆሞ። ኮቴው ራቀ።

ስከፍት አራት የበሰሉ ሙዞች ደጃፉ ላይ አገኘሁ። ማኘክ እንደማልችል አስቦልኝ ነው። መንገዱን አየሁ፤ ማንም የለም።

በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፤ ሥራ ገባሁ።

«አቦምሳ» አለ፣ ቀዝቅዞ።

«ዲሪባ... ያን ቀን ቤት ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። በበሩ ስንጥቅ ጥላሽን አይቻለሁ። አልፈለገችኝም ብዬ ተመለስኩ።»

«ፊቴ አብጦ ነበር! እንዳታየኝ ፈርቼ...»

«መልክሽን ለማየት መሰለሽ የመጣሁት? ብቻዋን ናት ብዬ እንጂ!»

እዚያው መስመሩ ላይ አለቀስኩ።

«አሁንስ ያምሻል?» አለኝ፣ ድምፁ ለስልሶ።

«ትንሽ።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ። በሩን ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩለት። ከድምፁ አጠር ያለ፣ ዓይነ አፋር ሰው ነበር።

በጥር ተጋባን። በሠርጋችን ሳምንት ግን ወደ አቦምሳ ተመለሰ፤ ዝውውሩ እስኪፈቀድ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። ቀን በመስመሩ ባሌ አለ፤ ማታ ቤቴ ያው ባዶ ነው።

ጠቅልሎ የመጣ ዕለት መንገዱ አድክሞት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ አልተኛሁም። በቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው ሲተነፍስ እየሰማሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ።