ድምፁ የጠፋው ሠርግ

አስቻለው ኢስትሊ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር በሚገኘው የኩለሱም ቤት ጓሮ፣ ከሰገነቱ በሚወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ሻምበል ዑቅባማርያም ተጠርተው ሲደርሱ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኗል። እሳቸው ግን ፊቱን ትተው እግሩን ገለጡ።

«ከሰገነት ወድቆ ነው» አለች የቤቱ ባለቤት ኩለሱም። «ፖሊስ ጋ ሰው ልኬያለሁ። ሳይመጡ እርስዎ ይዩልኝ ብዬ ነው፤ ወንድሜን ይዘውብኝ እንዳይሄዱ።»

«ወንድምሽን ለምን ይይዙታል?»

ኩለሱም አፏን በሻሿ ሸፈነች። መልሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከደርግ ሸሽቶ የመጣው ክርስቲያኑ አስቻለውና የኩለሱም ልጅ ራሂማ ይዋደዱ ነበር። አጎቷ ነጋዴው ኑሬ ደግሞ «አንድ መንገድ ላይ ካየኋችሁ ደም ይፈሳል» ብሎ በሰው ፊት ምሏል።

ዑቅባማርያም በንጉሡ ጊዜ አሥመራና አዲስ አበባ ወንጀል ሲመረምሩ የሸበቱ ስደተኛ ናቸው። ጎንበስ ብለው የሟቹን ነጭ ካልሲ አገላብጠው አዩ። ጫማ አላደረገም። ከዚያ ቀና ብለው ደረጃውን ተመለከቱ፤ ከሰዓት በፊት የጣለው ዝናብ ከላይ እስከ ታች ቀይ ጭቃ አልብሶታል።

«ጫማው የት ነው?»

«ቪዲዮ የምናይበት ክፍል በር ላይ። ምንጣፍ ስላለ ሁላችንም አውልቀን ነው የገባነው።»

ዑቅባማርያም በሩ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች እያነሱ ሥር ሥራቸውን አዩና ወደየቦታቸው መለሱ። የክፍሉ መስኮት በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ከህንዶቹ ሰፈር ከፓርክላንድስ የተከራዩት የህንድ ፊልም ገና አልጠፋም፤ የሱልጣን ልጅ ምርኮኛ ወታደር ያፈቀረችበት ታሪክ ነው። በወርቅ የተሸለሙ ዝሆኖች በተቃጠለው ቤተ መንግሥት በር ቆመዋል፤ ሰይፍ የመዘዙ ወታደሮች ሁለቱን ፍቅረኞች ያስሳሉ። ማንም እጁን ዘርግቶ ሊያጠፋው አልደፈረም።

ዑቅባማርያም ሰዎቹን አንድ በአንድ ኮሪደሩ ላይ አነጋገሩ። መጀመሪያ ራሂማ ቀረበች።

«ልጄ፣ አስቻለውን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ፊልሙ ውስጥ ያለው ሠርግ ላይ። ልጅቷን ለማትወደው ሰው ሲድሯት ድምፁ ድንገት ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ይጨፍራል፣ ምንም አይሰማም። አስቻለው ከራሱ እየፈጠረ በአማርኛ ሲያወራላቸው ሳቅን። ከዚያ 'ከክፍላችን ሽቦ ላምጣ' ብሎ ወጣ። ሽቦው ሳይመጣ ድምፁ ተመለሰ። እሱ ግን አልተመለሰም። ኑሬ ክፍሉ ውስጥ ስለነበር ልከተለው አልቻልኩም።»

ኑሬ ዓይኑን ሳይሰብር ቆመ።

«ገድለኸዋል?»

«ልገድለው እችል ነበር። አልገደልኩትም።»

«ወጥተህ ነበር ይላሉ።»

«ለከሰዓቱ የአስር ሶላት መስጊድ ሄጄ ነበር። ስመለስ ቴሌቪዥኑ ዱዳ ሆኗል። ልጁ ከራሂማ ጎን ተቀምጦ ይቀልዳል። ደሜ ፈላ፤ ግን ዋጥ አድርጌ ለእህቴ ባትሪ አበራሁላት፤ ሽቦውን ስትነካካ።»

ኩለሱምም ይህንኑ አለች፤ ሬሳው እስኪገኝ ኑሬ ከጎኗ አልተነቃነቀም።

በመጨረሻ የአስቻለው የልብ ጓደኛ ቶሎሳ መጣ። እዚያው ቤት፣ ጓሮ በሩ አጠገብ ከኩለሱም የተከራዩትን አንድ ክፍል ተጋርተው ይኖሩ ነበር፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«እኔ ከቦታዬ አልተነሳሁም» አለ። «ኑሬ ግን ወጥቶ ነበር።»

«ሠርጉ ላይ አስቻለው ሲወጣ አላየህም?»

«ሠርጉ ላይማ ማንን አያለሁ! የዘፋኟ ድምፅ ሆዴን አባባው። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።»

ዑቅባማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉንም ወደ ክፍሉ ሰበሰቡና ቴሌቪዥኑን በእጃቸው አጠፉ።

«ይህ ልጅ ሰገነት አልወጣም» አሉ። «ደረጃው ጭቃ ነው፣ የካልሲው ሥር ግን ንጹሕ። በዚህ ጭቃ ጫማውን ትቶ ማን ሰገነት ይወጣል? የተመታው ቤት ውስጥ፣ ደረቅ መሬት ላይ ነው። የወደቀ እንዲመስል ተሸክሞ ያወጣው ሰው አለ።»

«ኑሬ ነዋ!» አለ ቶሎሳ።

«ቆይ። ኑሬ ሲመለስ አስቻለው በሕይወት ነበር። ከዚያ ወዲያ ኑሬ ከእህቱ ጎን አልጠፋም። አስቻለው የወጣው ያን ጊዜ፣ ድምፁ ጠፍቶ ሳለ ነው። እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ያን ዝምታ ያስታውሳል። አንድ ሰው ብቻ ዘፈኑን ሰማሁ አለኝ።»

ራሂማ ቀስ ብላ ወደ ቶሎሳ ዞረች።

«ፊልሙን ሌላ ቀን አይተኸዋል» አሉት ዑቅባማርያም። «ዛሬ ግን በሠርጉ ሰዓት እዚህ አልነበርክም። የሁሉም ጫማ ሥር የደረቀ ጭቃ ይዟል፤ ያንተ ታጥቦ ውሃው ገና አልደረቀም። ፊልም ላይ የተቀመጠ ሰው ጫማ ሲያጥብ አላየሁም።»

ቶሎሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ጓሮ በር ላይ ከአንድ ሰው ጋር ቆሜ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «አስቻለው ሽቦውን ሊወስድ መጥቶ አየን። ሰውየውን አወቀው፤ አዲስ አበባ እስር ቤት ሲገርፈው የነበረ የደርግ ሰው ነው። ሊጮህ ሲል የበሩን ብረት አነሳሁ። ሁለት ሆነን ወደ ጓሮ አወጣነው።» ወደ ዑቅባማርያም ቀና አለ። «ወንድሜ በእጃቸው ነው፣ ሻምበል። የስደተኛ ስም ካላመጣህ ትቀብረዋለህ አሉኝ።»

«የማንን ስም ሰጠሃቸው?»

ቶሎሳ ኩለሱምን አየ፣ ራሂማን አየ፣ ኑሬን አየ፤ ዓይኑ መጨረሻ ላይ በዑቅባማርያም ላይ አረፈ። ኑሬ ተነስቶ የጓሮውን በር ቀረቀረ።

ፖሊሶች ቶሎሳን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ኩለሱምና ራሂማ ሞምባሳ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ተሳፈሩ። ኑሬ ግን አብሯቸው አልሄደም። ዑቅባማርያም በማታቱ ሚኒባሶች ፌርማታ ላይ ክንዱን ያዙት።

«ያ ሰው ገና ከተማው ውስጥ ነው። ስምህ ደርሶታል። ምን ትጠብቃለህ?»

«የእናንተን ቄስ የት እንደማገኝ ይንገሩኝ» አለ ኑሬ። «ልጁ እዚህ አገር ወገን የለውም። መጀመሪያ እሱን ላስቀብር።»