ያጠፋሁት የሐጂ ቃሲም ምርቃት

እኔ በዓይኔ ካላየሁ በእጄ ካልዳሰስኩ የማላምን ሰው ነኝ፣ ሮቤ ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ጂን አየሁ ካለህ መጀመሪያ የሚሸጥልህ ነገር እንዳለው ጠርጥር፣ እንዲህ እያልኩ በስንቱ ስስቅ ኖሬያለሁ፣ ያንን ማክሰኞ ከሰዓት ግን እንደሆነው ልንገርህና ፍርዱን ላንተው ልተወው።

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ስቱዲዮዬ ጓዳ ውስጥ አራት ዲስክ የተሸከመ አሮጌ ሰርቨር አለኝ፣ የቀረጽኩት ሠርግ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ቦታ እንዳይሞላብኝ አንድ ዘዴ ነበረችኝ፣ የሽማግሌ ምርቃት ሲሆን ጫፉን ብቻ አስቀርና ዋናውን አጠፋለሁ። በኛ አገር ሽማግሌ መመረቅ ከጀመረ በየሐረጉ «አሚን» እያሉ እስኪጨርስ መቀመጥ ነው፣ መሃል ላይ መነሳት ነውር ነው፣ ዲስክ ግን ነውር አያውቅም እል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰዓዳ መጣች፣ አምና ሠርጓን የቀረጽኩላት ሙሽራ ናት፣ አባቷ ሐጂ ቃሲም ካረፉ ወር አልሞላቸውም።

«ጀማል ወንድሜ፣ ሐሙስ ዲንሾ ሰደቃ አለን። አባቴ ሠርጌ ላይ የመረቁኝን ሙሉውን ስጠኝ። የሰጠኸኝ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን ሲከፍቱ ጭፈራ ይገባል። ድምፃቸው ሌላ የትም የለኝም እኮ።»

ምን ልበላት? «ሰርቨሩ ትንሽ ታሟል፣ ረቡዕ ነይ» አልኳት። ውሸቴን ነበር፣ ማክሰኞ ግን የምሩን ታመመ፣ እመነኝ። አንዲት ፋይል ለመክፈት ሻይ አዝዘህ ጠጥተህ ትጨርሳለህ፣ የዲስኩ መብራት ሳያርፍ ይርገበገባል፣ ከውስጥም ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ዓይነት ድምፅ ይመጣል።

ሐናንን ከጎባ ጠራኋት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፣ በቀልድ አትታማም። ላፕቶፗን ሰካችና ትንሽ አየች።

«ጋሽ ጀማል፣ ዲስኩ ሞልቷል።»

«ባለፈው ሳምንት ግማሹን አጥፍቼ?»

ደመረች፣ ያሉት ፋይሎች እውነትም ግማሹን አይሞሉም። «የጠፋ ፋይል ነው ቦታውን የያዘው» አለች። «ስታጠፋ የሚጠፋው ስሙ ነው፣ የከፈተው ፕሮግራም እስኪለቀው ገላው እዚያው ይቆያል። ይሄ ደግሞ አሁንም እየተነበበ ነው፣ ዲስኩን ያደከመው እሱ ነው።»

«ማነው የሚያነበው?»

ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ዘጋች፣ ድምፁ አልቆመም። የኔትወርክ ገመዱን ነቀለች፣ አልቆመም። «እንግዲህ አጥፍተን ስናስነሳው የግዱን ይለቃል» አለችና አጠፋችው፣ ሲነሳ መብራቱ ከቅድሙ ብሶ ይርገበገብ ጀመር። ጉሙ መስኮቱን ዘግቶት ጓዳው በዘጠኝ ሰዓት ጨልሟል፣ ሐናን ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ፣ «ማንም አልያዘውም» አለች፣ «ግን ተይዟል።»

«እንደተያዘ ልቅዳው» ብላ ቀዳችውና ከፈተችው። ሐጂ ቃሲም! ነጭ ጥምጣማቸው፣ ወደ ላይ የተዘረጋ መዳፋቸው፣ ያ የተረጋጋ ኦሮምኛቸው። ደስታዬን አትጠይቀኝ፣ ሰዓዳ አባቷን አገኘች፣ እኔም ከውሸቴ አመለጥኩ። በየሐረጉ ድንኳኑ ሙሉ ሰው «አሚን» ሲል እኔና ሐናንም ሳናስበው አብረን «አሚን» እንል ነበር፣ እስኪጨርሱም ተቀምጠን ሰማን።

ሐናን ቅጂውን ከዋናው ጋር አስተያየችና እጇ ቆመ።

«ዋናው አድጓል።»

«የጠፋ ነገር እንዴት ያድጋል?»

ዋናውን ከፈተችው። ሐጂ ይመርቃሉ፣ ሰዉ «አሚን» ይላል፣ ከሰዉ ትንሽ ዘግይተው ሁለት ድምፆች ይከተላሉ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ዓይነት፣ አንዱ የሴት። ሌላው የኔ። ሰርቨር ማይክ የለውም፣ ወላሂ ገልብጠን ሁሉ አየነው።

ሰዓዳ ረቡዕ መጥታ ንጹሑን ቅጂ በፍላሽ ወሰደች፣ ማጥፋቴን አልነገርኳትም። ሐሙስ ማታ ደወለች። «ያላለቀሰ የለም፣ አላህ ይስጥህ!» አለችኝ፣ እኔም ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ።

ዓርብ ሐናን ልታየው ተመለሰች። ፋይሉ አሁንም አድጓል። ከኛ ድምፅ ቀጥሎ፣ በሳግ የተቆራረጠ፣ የሰዓዳ «አሚን» አለበት፣ ከኋላዋ የሰሃን ድምፅና የሚያለቅሱ ሴቶች። የነቀልነው ገመድ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ መሬት ላይ እንደተጣለ ነው።

ሐናን ላፕቶፗን እንኳ በወጉ ሳታጠፋ ከደነችው። «ጋሽ ጀማል፣ ለሥራህ ሌላ ሰርቨር ግዛ። ይሄን ግን እንዳታጠፋው፣ እኔንም ሁለተኛ እንዳትጠራኝ።»

ገዛሁ። አሮጌው እዚያው ጓዳ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ እንደተርገበገበ ነበር። ትናንት ከሰዓት ገመድ ላወጣ ስገባ መብራቱ እንደበራ መርገብገቡን አቆመ፣ ድምፁም ጸጥ አለ፣ ሽማግሌ ሐረጉን ጨርሶ «አሚን» እስኪባልለት ቆም እንደሚለው። እንደልማዴ ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፣ መልሼ ዋጥኩት።

መብራቱ እስካሁን እንደበራ ነው፣ አልተርገበገበም።