ስቱኮው ላይ የቀረው እጅ

መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። ሌላው ሰውነቱ ሳሎኑን ከሞላው ግዙፍ ነጭ ነገር ሥር ገብቷል።

«ልጄ፣ መቀመጫ ሰፊዋ መጣችልህ!» አሉ እናቱ። በጠባቡ ክፍተት በጎናቸው ሾልከው ወደ ጓዳ ገቡ። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ በቁሙ ቆሟል፤ ቴሌቪዥኑ አንሶላ ለብሷል። ሳሎን ሳይሆን ጋራዥ ነው የገባሁት።

ከሥር ወጣ። አቤት! ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ አቧራ ጠጥቷል። የእኔ ምላስ ደግሞ ነገር አያሳድርም።

«ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የተላክሁት?»

ሳቀ። እኔ እንጃ... ያን ሳቅ ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ።

«የስቱኮ ብናኝ ነው። አትንኪኝ፣ ያቆሽሽሻል» አለኝ።

«ማን ሊነካህ!» አልኩት። አፌ ነው እንዲህ ያለው፤ ልቤን ማን ጠየቀው።

እኔ የመኪናና የሞተር ሳይክል መቀመጫ ሰፊ ነኝ። እሱ ደግሞ ሐይቁ ዳር የሚከራዩትን ጄት ስኪዎች፣ እነዚያን ውሃ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል የሚጋልቧቸውን፣ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከተሰባበረ አንዱ ላይ ደህና ሞተር አውጥቶ አስቀርቷል። አሁን ሞተሩ የሚገባበትን ቀፎ እዚያው እናቱ ሳሎን ውስጥ ሊሠራለት ተነሥቷል።

«ይሄ ነው ውሃ ላይ የሚሄደው?» አልኩት ነጩን ነገር እየዞርኩ።

«አይ፣ ይሄ ወንዴው ነው። ከፎምና ከጣውላ ቅርጹን አወጣሁት። በላዩ ፋይበር አለብሰዋለሁ፤ ሲደርቅ ይላቀቃል። ያ የተላቀቀው ሴቴዋ ነው፣ ፎርማዋ። ከዚያ በኋላ ከእሷ ውስጥ የፈለግሽውን ያህል ቀፎ ማውጣት ነው።»

«ወንዴውስ ከዚያ በኋላ ምን ይሠራል?»

«ምንም። ጥግ ይቆማል።»

«እንደ ወንድ ሁሉ በለኛ!»

ከጓዳ የእናቱ ሳቅ ተሰማ።

«መቀመጫው ለአንድ ሰው ነው ለሁለት?» ብዬ ሜትሬን አወጣሁ።

«ለሁለት» አለ። «የፊቱ በእኔ ልክ። የኋላውን... እስቲ አንቺ ውጪበትና እንየው።»

ወጣሁ። ልለካ ጎንበስ ስል ሚዛኔን ሳትኩና ቀኝ እጄን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ። ጭቅ አለ። ለካ የተለሰነበት ስቱኮ አልደረቀም! እጄን ሳነሳ አምስት ጣቴ ከነመስመሩ እዚያው ቀረ።

«ወይኔ! አበላሸሁብህ!»

«ግድ የለም። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አጠፋዋለሁ።»

እጄን ይዞ በጨርቅ ጠረገልኝ። ጣት በጣት፣ ቀስ እያለ። ጨረሰ ብዬ ሳስብ እንደገና ይጀምራል። እናቱ ከጓዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ያኔ ነው የለቀቀኝ።

ከዚያ በኋላማ ምክንያት አጥቼ አላውቅም። «ልኬቱ ተሳስቷል መሰለኝ» ብዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ደግሞ «የክሩን ቀለም ምረጥ» ብዬ ሄድኩ።

«ባለ ሜትሯ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትለኪው?»

«ካስቸገርኩህ ልሂድ!»

«ኧረ ተቀመጪ! ቀልድ አታውቂም እንዴ?»

ውሎ አድሮ ሥራውን ተካፈልኩት። መቀስ እንደ እኔ የሚይዝ የለምና የፋይበሩን ጨርቅ እኔ እቆርጥለት ጀመር። ክንዴ ድረስ አሳከከኝ። እናት አባቴ ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሮዋ ግን ለጉድ ነው።

«ልጄ፣ ስታኪ ነው የምትውይው። ቁንጫ ነው ወይስ ሰው ወደድሽ?»

«ሁለቱም» አልኳት። ሳቀች፤ ከሳቀችም ቆይታ ነበር።

እሱ ያን ጊዜ ሰም መቀባት ላይ ደርሷል። ይቀባል፣ ይወለውላል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይቀባል።

«ሙሽራ አደረግከው እኮ! አይበቃውም?»

«አይበቃውም። ሬዚኑ ፋይበሩን የሚያጣብቀው ሙጫ ነው። የመርፌ ጫፍ የምታህል ያልታሸች፣ ሰም ያልነካት ቦታ ካገኘ ይነክሳል። አንዴ ከነከሰ አለቀ፤ ሰብረሽ እንጂ አታወጪውም። የዚህ ሥራ ትልቁ ጥበብ መለያየቱ ላይ ነው።»

«አፍህን ቁረጠው!»

«ስለ ፎርማው ነው ያወራሁት!»

«ስለ ምንም አውራ፣ አፍህን ቁረጠው።»

በዚያኛው ጎን ዞር ስል የእጄን ምልክት አየሁት። እንዳለ ነው።

«ይሄን እስካሁን አላጠፋኸውም?»

«ይደርሳል» አለና ጆሮው ድረስ ቀላ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱ የሉም። ብሩሽ እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ፎርማዋ ስትወጣ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ።»

«አሁን ጠይቀኝ።»

«በምን አፌ? የእናቴን ሶፋ አቁሜ እናቴ ቤት የምኖር ሰው... ትውጣ ብቻ። ያኔ ቢያንስ የራሴ ሥራ አለኝ እላለሁ።»

«እኔ ሥራ ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቅሽም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ምን ይባላል እንዲህ ያለ ሰው! አቅፌ ልስመው ፈለግኩ፤ ደግሞ በጥፊ ላልሰውም ፈለግኩ።

እንዲህ እያለን የአክስቴ ልጅ ከሩቅ ከተማ ደወለ። «እማዬን አምጪልኝ። ያን የኪራይ ቤት ልቀቁት። ላንቺም ሶፋ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቼልሻለሁ» አለኝ። አክስቴ ያለ እኔ አንድ እርምጃ አትራመድም። በዚህ ከተማ የእኔ የምለው ቤት ቢኖረኝ ግን እሷም አብራኝ ትቀር ነበር፤ «ቤቴ አንቺ ያለሽበት ነው» ብላኛለች። እንግዲህ የሁለታችንም ኑሮ ያ ሰው ሊጠይቀኝ ባሰበው ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ።

ሄጄ ነገርኩት። እጁ ላይ የነበረው ጨርቅ ወደቀ።

«መቼ?»

«እሑድ ጠዋት።»

ጨርቁን አነሣ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እስከ ቅዳሜ ትወጣለች።»

ቅሪ ይለኛል ስል እሱ ስለ ፎርማው ያወራኛል! ለካ እኔ ከዚህ ነጭ ጉድ ቀጥዬ ነኝ፣ አልኩ በልቤ። ላንቃዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥ አደረግኩት።

በማግስቱ ስመጣ ሬዚኑን በጥብጦ የዚያኛውን ጎን አልብሶ ጨርሷል። የቀረውን አብረን አለበስነው። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ በብሩሽ እየጠቀጠቀ ያጣብቃል። ሽታው ያቅለሸልሻል፤ እናቱ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው እየሳሉ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ!» ይሉታል። እሱ አይሰማም።

ቅዳሜ ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ፣ የሰፋሁትን መቀመጫ ታቅፌ ሄድኩ። ጥቁር ቆዳ፣ ጠርዙ በቀይ ክር። የፊቱ በእሱ ልክ፣ የኋላው በእኔ ልክ። በሕይወቴ እንዲህ አሳምሬ የሰፋሁት ነገር የለም።

ሳሎኑ ውሃ በውሃ ሆኗል፤ ፎርማዋን ለማላቀቅ ያፈሰሰው ነው። ዙሪያውን የእንጨት ሽብልቅ ተሰክቷል። የጎማ መዶሻውን እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ጣቶቹ ደምተዋል።

«ወጣች?»

«አልወጣችም።»

«ትወጣለች። ቆይ ላግዝህ...»

«ነክሷል አልኩሽ። አትወጣም!»

መቀመጫውን አስቀምጬ አጠገቡ ተንበረከክሁ። «እሺ። ጥያቄውስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «የምጠይቅሽ ነገር የለም። ሂጂ። አክስትሽ ይጠብቁሻል።»

ክው አልኩ።

«ለዚህ ለተጣበቀ ፕላስቲክ ብለህ?»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ!»

«ሄድኩልህ! ከወንዴህ ጋር ተቃቅፈህ እደር!»

መቀመጫውን መልሼ አነሣሁት። ልተውለት? ሞቼ ነው! መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ፣ ያን የሚያህል መቀመጫ ታቅፌ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ጠዋት አክስቴን አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ እኔም ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው እናቱ ቁና ቁና እየተነፈሱ መጡ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ልጄ፣ ትናንት አንቺ ስትወጪ የብረት መዶሻ አንሥቶ ፎርማውን ሰባበረው። ታምኚኝ እንደሆን፣ ሌላው ሁሉ እንደ ልጣጭ እየለቀቀ ነው የወረደው። ይቺ ብቻ እምቢ ብላ ከነስቱኮው ተገንጥላ መጣች። ወንዴው ላይ ጎድጓዳ ጥላበት። ‹ጣይው› አለኝ። ምን እንደሆነች አላወቅኩም... ግን መጣሉ አላስችል አለኝ።»

በመስኮት ተቀብዬ ፎጣውን ገለጥኩ። የፋይበር ስባሪ ነው፤ መሐሉ ላይ እጅ አለ። አምስት ጣት ከነመስመሩ። እጄ! የብርጭቆ ወረቀት ያልነካው፣ ሰም ያልቀመሰ፣ የመጀመሪያው ቀን እጄ።

ከዚያ ሁሉ ቀፎ የነከሰችው ይህች ቦታ ብቻ ናት። የመርፌ ጫፍ የምታህል እንኳ እንደምትነክስ ያስተማረኝ እሱ እኮ ነው! ያውቅ ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት።

«ለምን አላሸኸውም?»

ከእግሩ ሥር ስብርባሪው ሲንኳኳ ተሰማኝ።

«መልስልኝ እንጂ!»

«እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «በየቀኑ ነገ አሸዋለሁ እላለሁ። ከዚያ አንቺ እሑድ አልሽኝ። የብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቼ ቆምኩ... ከሄደች ይሄ እንኳ ይቅርልኝ አልኩ። ምናልባት አይነክስም ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

«አሁን ጠይቀኝ። አሁን። እወርዳለሁ።»

«ምን ይዤ?» ድምፁ ተሰበረ። «አክስትሽን ይዘሽ የት ላስገባሽ? ስብርባሪ መሐል?»

«ስብርባሪውን እጠርገዋለሁ! ውረጂ በለኝ ብቻ!»

«እወድሻለሁ» አለኝ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ውረጂ በለኝ አልኩህ!»

ትንፋሹን ሰማሁት፤ እያለቀሰ ነው። ውረጂ ግን አላለኝም። በሩ ተዘጋ። አክስቴ እጇን ሰዳ ስባሪውን በጣቶቿ ዳሰሰችው።

«የሱ እጅ ናት?»

«አይደለም አክስቴ። የኔ ናት።»

«እንግዲያ እሱ ምን ሰጠሽ?» አለችኝ። ስባሪዋን በፎጣው መልሼ ጠቀለልኳት።

ይኸው ዓመታት አለፉ። ሶፋ እሰፋለሁ። ያቺን ስባሪ ጨርቅ እንዳይንሸራተትብኝ ማሽኔ ላይ እጭናታለሁ። አክስቴ አምና አረፈች። ያኔ መመለስ እችል ነበር፤ ስልክ ጠበቅኩ፣ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። እናቱ ግን አልተዉኝም፤ አልፎ አልፎ ይደውላሉ። ባለፈው ሰሞን ድምፃቸው በደስታ እየተርገበገበ ነበር።

«ልጄ! ፎርማዋ ወጣችለት!»

«እንዴት? ጥሎት አልነበር?»

«ጥሎት ነበር እንጂ! አሁን የሚያገባት ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ ‹ወይ ጨርሰው ወይ ከቤት አውጣው› አለችው። ያን ጎድጓዳ በስቱኮ ሞላና ሲያሽ ዋለ። ሲያሽ፣ ሲያሽ... ስንቴ ቁጭ ብሎ ተነሣ መሰለሽ። ከዚያ ሰም ቀባው፣ አለበሰው። አንዴ በጎማ መዶሻ መታ ቢያደርጋት፣ ጧ! በአንድ ምት ወጣች!»

በአንድ ምት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እማማ» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ልቤም ስንጥቅ ያለው ያኔ ነው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱ ጠይቂልኝ አላለኝም፣ በራሴ ነው... ያ የሰፋሽው መቀመጫ አለ?»

አለ። ቁም ሣጥን ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የኖረው፤ አንድም ቀን ሰው አልተቀመጠበትም። አወረድኩት፣ ወለወልኩት። የኋላውን ስፌት ልፈታው መቀስ አነሣሁ። አስቀመጥኩት። ደግሞ አነሣሁ። እኔንም እጄ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ላክሁትና ደወልኩላቸው።

«የኋላው በእኔ ልክ ነው የተሰፋው፣ እማማ። ከሰፋት ከሥር ያለውን ክር ፈትተው ያጥብቡላት።»

«አይ ልጄ፣ እሷም እንዳንቺው ቀጭን ናት» አሉኝ።

«እንግዲያማ ልክክ ይላታል» አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።